ያልተመለሰ ሰው እየሄደ ነው

ጥቅምት 9

ይድረስ ለውድ የወንድሜ ልጅ፣ ለእሜቴ ለምን፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወገቤ እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ይጣላኛል፣ ረፋድ ላይ እንታረቃለን። እናትና አባትሽም ደህና ናቸው፤ ባለፈው እሑድ አብረን ምሳ በላን።

ወረቀቱ ደረሰኝ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። የጤና ቢሮው ሰው በሞተር ብስክሌት አምጥቶ፣ አስፈርሞኝ ሄደ። ዓለም አቀፉ የሙያ ማኅበር ካንቺ ትምህርት ቤትና ከኛ ቢሮ ጋር ተስማምቷል፤ ከእንግዲህ ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ እየሠራ ተማሪ የሚያሠለጥን ሁሉ በአንድ መመዘኛ ይለካል ይላል። መልካም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረ አንድ ቀን ራሱ መለካቱ አይቀርም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት እግር ሠርቼ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ልባል ነው? ጥምጣሜን እኮ ሸረሪት አድርቶበታል!

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩና ንዴቴን ረሳሁት። ስለ ጄሶ አቦካክ የጻፉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ እንዲያውም እኔ እሻላለሁ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከዚህ ቀደም እግር ከሠራችሁላቸው ሰዎች አሥሩን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉ፣ ዛሬ እንዴት እንደሆኑ ጻፉ ይላል። ለምን? ይህችን ቃል ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ፣ እንግዲህ ቻይው። እኔ የማውቀው፣ ለሠልጣኞቼም የማስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ያልተመለሰ ሰው እየሄደ ነው። ጫማ የገዛ ሰው ካልቆነጠጠው ሱቁ ድረስ ተመልሶ ምን ይሠራል?

ነገሩ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን የሞርሳው ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር እወትፈው ነበር። ግን ካላለፍን የሦስቱ ሠልጣኞቼ የምስክር ወረቀት ከዚህ ግቢ ውጭ ዋጋ የለውም። አንቺም የመጨረሻውን የልምምድ ዓመት እኔ ጋ የምትሠሪው ካለፍን ብቻ ነው ተብሏል። ስለዚህ ቶሎ መልሺልኝ። ከተቻለሽ ደግሞ ግማሽ ክብ ሞረድ ፈልጊልኝ፤ የኔው ጥርሱ አልቆ በድዱ ቀርቷል።

እግዜር ካንቺ ጋር ይሁን፤
አጎትሽ

*

ጥቅምት 30

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ብቻዬን እየሳቅሁ ሳነብ ጓደኞቼ ፍቅረኛ የጻፈልኝ መስሏቸዋል። አጎቴ ነው ብል ማን ያምነኛል።

ሞረዱን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። የገጽ አሥራ ዘጠኙን «ለምን?» ደግሞ ለመምህሬ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ሳቁና «የኔም አስተማሪ እንደዚያ ይል ነበር» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ሄደው ይዩና ራሳቸው ይንገሩን» አሉ። ይኸው ነው መልሱ። አሥሩ ሰዎች ግን በዕጣ መውጣት አለባቸው፤ ይሄ ሰነፍ ነው፣ ያቺ ሩቅ ናት ተብሎ አይመረጥም።

ባለፈው ሳምንት ምን እንደተደረግን ልንገርዎት። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ እርስ በርሳችን ሠርተን ቀኑን ሙሉ አድርገነው እንድንውል ታዘዝን። የኔን የሠራችልኝ ከሌላ አገር የመጣች፣ እጇ የተባረከ ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ግን ቆዳዬን ላጠኝ። ማታ «እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «በጣም ጥሩ ነው» አልኳት! እግሬ እየነደደ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን ሳስበው አይገባኝም።

እሜቴ ለምን ሲሉኝ ሳይመለሱ የቀሩ የልጅነት ጥያቄዎቼ ትዝ አሉኝ። አንዱን ልጻፍልዎት? የጠበበኝን ሹራብ ለጎረቤት ልጅ ልስጥ ስል ሁልጊዜ እጅጌው ተቆርጦ አገኘው ነበር። እማዬ «አይጥ በልቶት ነው» ትለኛለች። አይጥ እጅጌ ብቻ ለይቶ ለምን ይበላል?

አባዬን ሳሙልኝ። ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ የሚለው ማመልከቻ ላይ የጻፍኩት የእሱን ነገር ነው። ስመጣ ሻንጣዬን ይዞ፣ እርስዎ በሠሩለት እግር፣ ከቤት እስከ መናኸሪያው አብሮኝ ተራመደ። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ነው የመጣሁት ብያቸዋለሁ።

እወድዎታለሁ፤
የወንድምዎ ልጅ

*

ኅዳር 22

ይድረስ ለእሜቴ ለምን፤

ጤናሽን ያብዛልኝ። ሞረዱ ገና አልደረሰም፣ ግን እሱን ተዪው፣ አሁን የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ዕጣውን አወጣን። የሰዎቹን ካርድ ሁሉ ጄሶ በምናቦካበት ባልዲ ከተትነው። ያወጣችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ዓይንሽን ጨፍኚ ብላት «ጋሼ፣ ሎተሪ መሰለዎት እንዴ?» አለችኝ። ሰባተኛው ካርድ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአባትሽ! በየሳምንቱ አብሬው ምሳ የምበላውን ወንድሜን ፈልግ ተባልኩ። እሱ እንደሆነ የትም አይሄድብኝም ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት።

የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ ስገባ ተነሥቶ ሊያቅፈኝ ሲል በክራንቹ ሊወድቅ ነበር። «እግርህስ?» አልኩት። ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደልኝ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጥብጣብ ታስሯል። «እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው። ይኸው አምስት ዓመቱ፣ ጭረት አያገኙበትም» አለና መረቀኝ። እውነቱን ነው፣ ጭረት የለውም።

ሁለተኛዋ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማበት ትውላለች፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በባሏ ቀበቶ ቀጥላዋለች። ደስ ብሎኝ ቀበቶውን ራሱ ፎቶ አነሣሁት።

ሦስተኛው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እግሩ ደግሞ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ደግፎ ቆሟል፤ እኔ የሠራሁት እግር! ሰውዬው ሲያየኝ በክራንቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋና ሁለታችንም ውጭ ቀረን። ቁልፉ ውስጥ ነው። ሚስቱ ከገበያ እስክትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለ አየር ጠባይ አወራን። ሌላ ምን ይወራል?

ሦስቱንም «ያምምሃል? ያምምሻል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሦስቱም «ኧረ ምንም አይል፣ እጅዎ ይባረክ» ነው ያሉኝ። ሦስት ምርቃት ይዤ ገባሁ፤ ሁለቱ ግን የሠራሁላቸውን አይለብሱትም። እንቅልፍ ነሣኝ። ደግሞ ክፋቱ፣ የቀሩትን ለማየት እግሬ ይበላኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ የናንተዎቹ ሰው እንዴት ብለው ነው የሚጠይቁት? ጥያቄውን ላኪልኝ።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ በሩ ሲዘጋባችሁ ቆሜ ያየሁ ያህል ነው የሳቅሁት። መምህሬም ስቀዋል፤ ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና በማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት።

«ጥሩ ነው አይደል?» ተብሎ አይጠየቅም አሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ የለበስከው መቼ ነው? የት ድረስ ሄድክበት? ቆዳህን ልየው?» ነው የሚባለው። ከሁሉ በላይ አብሮ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ አሉ። ባለ እግሩ ቢያፍር ሚስት አታፍርም።

ለኔም መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ያቺን ልጅ ለምን እንደዋሸኋት ማለቴ ነው። ደክማ ሠርታልኝ እንዴት አመመኝ እላታለሁ? ይሉኝታ ነው። የማላውቀው ሰው ሠርቶልኝ ቢሆን ኖሮ በሰዓቱ እጮህበት ነበር።

ስለ ሰባተኛው ግን እስካሁን ምንም አላሉኝም። መመሪያው የቅርብ ዘመድ ከወጣ ምክንያቱን ጽፎ በሌላ ዕጣ መለወጥ ይፈቅዳል። ከለበሱት ያልለበሱት ቢበዙ ምን እንደሚሆን ደግሞ ወረቀቱ አይናገርም። ስለዚህ ቢለውጡትም ማንም አይወቅስዎትም። የልቤን ከጠየቁኝ ግን የአባዬ እግር ለሁሉም ምሳሌ የሚሆን ይመስለኛል፤ ለምን ይተዉታል?

የወንድምዎ ልጅ

*

ጥር 8

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና ነን። ሰባተኛውን ለውጫለሁ። በምትኩ የወጣችው የስልክ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ትለብሰዋለች፣ ደረጃም ትወጣበታለች። ከአሥሩ አምስቱ ይለብሳሉ፣ አምስቱ አይለብሱም። ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳያሳፍር ሳያኮራ የሚታለፍበት። ፋይሉን በዚህ ወር መጨረሻ አስገባለሁ።

ሞረዱ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። አባትሽ ደህና ነው። የሚያስፈልገኝ ነገር የለም።

አጎትሽ

*

የካቲት 2

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ አጠረብኝ። እርስዎ ሳይቀልዱ ደብዳቤ ሲዘጉ አይቼ አላውቅም።

እዚህ መለማመጃው ክፍል ሰዎች እግራቸውን ሲያጠልቁ ማሰሪያው «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለው። ትናንት ቁጭ ብዬ ስሰማው ድንገት ልጅነቴ መጣብኝ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በር ሳንኳኳ አባዬ ቶሎ አይከፍትልኝም ነበር። መጀመሪያ ከውስጥ «ቀጭ» ይላል፣ ከዚያ ነው በሩ የሚከፈተው። ሰዓት እየጠገነ እጁ ሥራ ይዞበት ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ፣ ብቻውን ሲሆን አይለብሰውም እንዴ?

ለፋይሉ አይደለም የምጠይቅዎት። ፋይሉ እንደፈለገ ይሁን። እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሆኜ በስልክ ብጠይቀው «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ» እንደሚለኝ ያውቃሉ። እባክዎ እርስዎ ይዩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

*

መጋቢት 21

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ በእጄ ከገባ አርባ ቀን አልፎታል። በኪሴ ይዤው ስዞር እጥፋቱ ተበጣጠሰ። ፋይሉንም አላስገባሁም፤ ለቢሮው ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀን አስጨመርኩ። ወገቤ ምስኪን፣ በሌለበት ተከሰሰ።

እውነቱን ልንገርሽ። ሰባተኛውን የለወጥኩት ዘመድ ስለሆነ አይደለም። ልብስ ሰፊውና መምህሩ «እጅዎ ይባረክ» ሲሉኝ ድምፃቸው የወንድሜን ድምፅ መሰለኝ። እዚያ ቤት ሄጄ ማየት ፈራሁ።

ሁልጊዜ የምሄደው እሑድ ነው፤ እነሱም ያውቃሉ። ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ ሳልናገር ሄድኩ። እናትሽ በር ስትከፍት ደንግጣ «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አለችኝ። አባትሽ መስኮቱ ሥር፣ የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የሱሪው እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሲያየኝ እጁን ወደ ወንበሩ ጀርባ ሰደደ፤ እግሩ እዚያ ተደግፎ ነበር።

«ተወው» አልኩት።

«እንዴት መጣህ? ምነው በደህና?»

«ለመጨረሻ ጊዜ የለበስከው መቼ ነው?»

ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አለ። እናትሽ መለሰችልኝ። «እሑድ ነዋ! እርስዎ የአጥሩን በር ሲከፍቱ ያጠልቃል፣ እርስዎ ሲወጡ ያወልቃል። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብን እኮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«አመመኝ ብለህ ነዋ!»

«አንተስ መች ጠየቅኸኝ? ሁልጊዜ ‘ጥሩ ነው አይደል?’ ነው የምትለኝ። ጥሩ ነው አይደል ለሚል ወንድም ምን ተብሎ ይመለሳል? ጎንበስ ብለህ፣ ላብህ ጠብ እያለ ስትሠራው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

ቆዳውን አየሁት። በሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ቁስል አይቼ ፊቴን ሳልለውጥ ጽፌያለሁ፤ የወንድሜን ግን ማየት አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። የአጥንቱ ጫፍ ላይ እየዳነ የሚላጥ፣ እየተላጠ የሚድን የቆየ ቁስል አለ። መናኸሪያ ሸኝቶሽ ከተመለሰ በኋላማ፣ እኔ ከምመጣበት እሑድ በቀር ሦስት ሳምንት እንዳልተነሣ እናትሽ ነገረችኝ። እንደማትወጂው አውቃለሁ፤ ግን እይልኝ ብለሽኛልና አልደብቅሽም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነም አገኘሁት። ቀዶ ጥገና በተደረገ በሁለት ወሩ ነው ጄሶ የለካሁት። እብጠቱ አልወረደም ነበር። ያኔ አንቺ አንደኛ ክፍል ልትገቢ ሳምንት ቀርቶሽ፣ «ልጄን በሁለት እግሬ ቆሜ ትምህርት ቤት ላድርሳት» ብሎ ለመነኝና ቸኮልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እብጠቱ ሲወርድ ሶኬቱ፣ እኛ የእግር ቤት የምንለው፣ ሰፋው። እንደገና መለካት ነበረብኝ። እኔ ግን ያልተመለሰ ሰው እየሄደ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

አባትሽ እንዴት እንደቻለው ልንገርሽ? እጄን ሶኬቱ ውስጥ ሰድጄ የተጠቀጠቀውን አወጣሁ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሱፍ እጅጌ። ሰባት እጅጌ ነው። የሹራቦችሽ ናቸው፤ አንቺ ባደግሽ ቁጥር አንድ ይጨምር ነበር። አይጡ አባትሽ ነው።

ሰባተኛውን ወደ ፋይሉ መልሻለሁ፣ ጸሐፊዋን አውጥቻለሁ። አሁን አራት ይለብሳሉ፣ ስድስት አይለብሱም። ከግማሽ በታች ነው። በሰባተኛው ሰው ፊት ለፊት «የሠሪው ስህተት» ብዬ ፈርሜያለሁ። በዚህ ምክንያት መምጣትሽ ቢቀር፣ የሠልጣኞቼም ወረቀት ቢቀር፣ ይቅር በዪኝ። ለነሱም ነግሬያቸዋለሁ።

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 12

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፤

ጋሼ፣ አልቅሼ ጨረስኩ፤ ከዚያ እጅጌዎቹ ጋ ስደርስ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነበር ለካ ብዬ ሁለት ቀን ተኮራርፌ ዋልኩ። ከማን ጋር እንደተኮራረፍኩ ግን አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ያቺን ልጅ ፈልጌ «ያ ድጋፍ ቆዳዬን ልጦኝ ነበር» አልኳት። «ስድስት ወር ሙሉ ምን ትሠሪ ነበር?» ብላ ተቆጣችኝ። የት ጋ እንደላጠኝ በእስክሪብቶ አስምራ ወሰደችው።

መምህሬ ያነበብኩላቸውን ደብዳቤዎን ሳያስፈቅዱኝ ለሥራ ባልደረቦቻቸው አውርተዋል። መጠየቂያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ሊጨመር ነው፤ «ቤት ውስጥ እግሩ የት ነው የሚቀመጠው?» የሚል። የቁም ሳጥኑንና የበሩን ነገር ሰምተው ነው። ፋይልዎ በኔ እጅ አያልፍም፣ ውጤቱንም አላውቅም። መምጣቴ ቢቀርም አልቀየምዎትም።

አንድ ነገር ብቻ፤ አዲስ ሶኬት ከሠሩለት እባክዎ እጅጌዎቹን አይጣሉብኝ።

የወንድምዎ ልጅ

*

ሰኔ 20

ይድረስ ለእሜቴ ለምን፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እጅጌዎችሽ ታጥበው እናትሽ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። ወገቤም ስሙ ስለነጻ ሰላም ሰጥቶኛል።

መዛኞቹ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ራሱን ጎንበስ አድርጎ በበራችን የሚገባ ረጅም ሰው ነው። ፋይሌን ገልጦ በአስተርጓሚ፣ «በዚህ ዓመት ካየናቸው ሁሉ ብዙ ያልተሳካ ሥራ የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። አለቀልኝ ብዬ የሠልጣኞቼን ፊት ማየት አቃተኝ። ሰውዬው ቀጠለና፣ «ሌሎቹ ግን ቤት ለቤት መሄዳቸውን እጠራጠራለሁ» አለ። ለአንድ ዓመት አልፋችኋል፤ የሠራችሁለትን ሁሉ በስድስት በስድስት ወሩ እየጠራችሁ ካያችሁ ይጸናል ብለው ፈረሙ። መስከረም ላይ ነይ። ልብስ ሰፊውም መምህሩም ለአዲስ ልኬት ተጠርተዋል፤ የመምህሩን በር የሚደግፍ ድንጋይ እኔው ወስጄለታለሁ።

የአባትሽን አዲስ እግር ከሦስት ሳምንት በፊት አስረከብኩት። «እንዴት ነው?» ስለው «እጅህ ይባረክ» አለኝና ቅስሜ ተሰበረ። አሁንም ያው ነን ማለት ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ትናንት ረፋድ ላይ ከሠልጣኞቹ ጋር ጄሶ ስናነሣ የግቢው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። አባትሽ ነው። ከቤቱ እስከኛ ድረስ በእግሩ መጥቷል፣ ፊቱ ቀልቷል። ገና ከበሩ ጀምሮ ጮኸብኝ፤ «ምንድን ነው የሠራህልኝ? እዚህ ጋ ይቆነጥጠኛል! ይኸው ሁለት ቀኑ! ሠላሳ ዓመት ሠርተህ ይቺን አታውቅም?» በተማሪዎቼ ፊት! አንዷ ወንበር ልታቀርብለት ስትሮጥ «አልቀመጥም!» አላት።

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጄሶ በነካ እጄ አቅፌ ሳምኩት፤ ኮቱን ስላበላሸሁበት ለሱም ተሰደብኩ። እግሩን አውልቆ ሰጠኝ። ከጉልበቱ በታች፣ በውጭ በኩል ጠርዙ ነው የያዘው። ሞርሳው ላይ አሰርኩና በላክሽው ሞረድ ጥቂት አነሣሁለት፤ አጠለቀ፣ ተራመደ፣ አሁንም አለ፤ ደግሞ አነሣሁለት።

ሲወጣ በሩ ጋ ዞሮ፣ «ከቆነጠጠኝ ነገም እመጣለሁ» አለኝ።

«ና» አልኩት።

አጎትሽ